ከፊት ብቻ የሚታየው ቤት

ሜርል ኩፒድ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የራሷ አልጋ ነበራት። አልጋው የእሷ መሆኑን ማንም አይክድም፤ የሚተኛበት ግን ሌላ ሰው ነበር። እናቷ ኢስሜይ ቸር ሴት ናት። ሃይ ዊኮምብ ከተማ ያሉ፣ ከካሪቢያኗ ሴንት ቪንሰንት ደሴት የመጡ ሰዎች ሁሉ ይህን አፋቸውን ሞልተው ይመሰክራሉ፤ ከመስካሪዎቹ ግማሹ በሜርል አልጋ ላይ ተኝቶ የተነሣ ስለሆነ ምስክርነቱ ጥርጥር የለውም።

ኢስሜይ እንግሊዝ አገር የገባችው በፈረንጅ 1958፣ በሃያ አራት ዓመቷ ነው። ከትሩማካ፣ ከባሕሩ በላይ ዳገት ላይ ከተንጠለጠለችው መንደሯ ስትነሣ አንድ ሻንጣ፣ አራት የዳቦ ዛፍ ፍሬ እና «እንግሊዞች እንግዳ ተቀባዮች ናቸው» የሚል የመንደሩን ቄስ ማረጋገጫ ይዛ ነበር። የዳቦ ፍሬው መርከቡ ላይ በሁለተኛው ሳምንት በሰበሰ። የቄሱ ማረጋገጫ ዕድሜው ትንሽ ሻል ይላል፤ ሃይ ዊኮምብ ደርሳ የሚከራይ ክፍል መፈለግ እስክትጀምር ድረስ ቆይቷል። መስኮቱ ላይ «የሚከራይ ክፍል አለ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበትን ቤት ታንኳኳለች። ባለቤቲቱ ብቅ ትልና ከራሷ እስከ እግሯ አይታት፣ «ውይ፣ አሁን በዚች ደቂቃ ተያዘ» ትላታለች። ወረቀቱ ግን እዚያው መስኮቱ ላይ ይሰነብታል። በአንድ ቅዳሜ ብቻ አሥራ አንድ ክፍል ዓይኗ እያየ ተያዘባት። ያን ቅዳሜ ዝናብ እየወረደባት፣ ሻንጣዋን በእግሮቿ መሀል አቁማ አንድ ነገር ለራሷ ማለች፤ እኔ በር ያለኝ ቀን ከደሴቶቹ የመጣ ሰው ደጄ ላይ አይቆምም አለች። መሐላዋን ጠበቀች። ችግሩ ገና ያልተወለዱት ልጆቿም አብረው እንዲጠብቁት መደረጉ ነው።

ሃይ ዊኮምብ የወንበር ከተማ ናት። ኢስሜይ ከፋብሪካዎቹ ባንዱ ተቀጥራ የወንበር መቀመጫ ታለብስ ጀመር። ጨርቁን ትወጥራለች፣ ዙሪያውን በሚስማር ትመታለች፣ ቀጣዩን ታነሣለች፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት። አለቃዋ «ኢስሜይ» የሚለው ስም አፉ አልገባ ስላለው በመጀመሪያው ሰኞ «አይሪስ» ብሎ ሰየማት። አስተካክላ ነገረችው። «ገባኝ፣ አይሪስ» አላት። እሱ ጡረታ ወጥቶ የተካው ሰውም ስሟን ከነስህተቱ ተረከበ። የእሷ ተራ ደርሶ ስትሰናበት ፋብሪካው ላገልግሎቷ ምስጋና የእጅ ሰዓት ሸለማት፤ ከጀርባው «ለውድ አይሪስ» ተብሎ ተቀርጾበታል። ኢስሜይ እጅ ነሥታ ተቀበለች። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አይሪስ ለምትባል የግሬናዳ ሴት አውጥታ ሰጠቻት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት ሜርል።

«የሰው ዕቃ ይዤ ልቀመጥ? ስሟ እኮ ተጽፎበታል።»

ባሏ ኦስሪክ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር፤ ሰው አክባሪ። ሚስቱን ከማክበሩ የተነሣ ወጥ ቤት ገብቶ አስቸግሯት አያውቅም። እሑድ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር ዶሚኖ ሲጫወት ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ የሚያጮህበት ክንድ ሌላ ቀን የት እንደሚሄድ ግን አይታወቅም። ሜርል ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት ልቡ በድንገት ቀጥ ብላበት ሞተ። ለቀብሩ የመጣውን ሁለት መቶ ሰው ያበላችው ራሷ ኢስሜይ ናት፤ «የኦስሪክን እንግዳ ሌላ ሰው ሊያበላልኝ ነው?» ብላ። ሳህኑ ታጥቦ፣ የመጨረሻው ለቀስተኛ የተረፈውን ኬክ በወረቀት ጠቅልሎ ከሄደ በኋላ፣ ጓሮ ወጥታ የልብስ ማስጫውን እንጨት ይዛ አለቀሰች። ሜርል በመስኮት አየቻት፤ መውጣት እንዳለባትና እንደሌለባት ሳትወስን እናቷ ጨርሳ ገባች።

እንግዶቹን በተመለከተ፣ ሁሉም የሚመጡት «ለሁለት ሳምንት» ነበር። ከኪንግስታውን፣ ከጆርጅታውን፣ ከቤክዊ ደሴት ይመጣሉ፤ የዘመድ ዘመድ ናቸው፣ ወይም ዘመድ የሚያውቅ ሰው ያውቃሉ። ኢስሜይ በሩን ከፍታ «ግባ» ትላለች፤ ቀጥላም ወደ ሜርል ትዞራለች። መዞሩ ብቻውን በቂ ነው፤ ልጅቷ ትራሷን ታቅፋ ወደ ሶፋው ትሄዳለች። ከሁሉም የተሳካለት ሚስተር ፕሬስኮድ ነው። ሜርል ስምንት ዓመቷ ሳለ ለሁለት ሳምንት መጥቶ አሥራ አራት ዓመት ሲሆናት ወጣ። ቤት ይፈልግ ነበር፤ ፍለጋው ግን ከአልጋ ሳይነሡ የሚካሄድ ዓይነት ነው። ምግብ ላይ ደግሞ አስተያየት አያጣም።

«ሚስ ኢስሜይ፣ የዛሬው አተር ትንሽ አልጠነከረብዎትም?»

«ሳይጠነክር አልቀረም፣ ሚስተር ፕሬስኮድ። ካስቸገረዎት ይተዉት።»

«ኧረ፣ ለእርስዎ ስል እበላዋለሁ» ይላል፣ ሦስተኛውን ሳህን ወደ ራሱ እየሳበ።

አንድ ቀን ሜርል እናቷን ልብስ ስታጥፍ አግኝታ ጠየቀቻት።

«ማሚ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የኔ አልጋ የሚሰጠው?»

«አንቺ ትንሽ ነሽ። ሶፋው ይበቃሻል።»

«ወንድሞቼስ?»

«ወንድ ልጅ በደንብ ካልተኛ አያድግም።»

ሁለቱ ወንድሞቿ በዚህ እንክብካቤ በደንብ ተኝተው በደንብ አደጉና አንዱ በርሚንግሃም፣ ሌላው ካናዳ ገቡ። ለገና ካርድ ይልካሉ። ሜርል ትምህርቷን ጨርሳ የጥርስ ሐኪም ረዳት ሆነች፣ አገባች፣ ፈታች፣ ከእናቷ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግራ ተከራየች። በአርባ ዓመቷ ዋዜማ እናቷን ሐኪም ቤት የሚያመላልሳት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ድስት በመኪና የሚጭን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ የሁለት ሳምንት እንግዳ የሚቀበል ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ኢስሜይ ለራሷ ብላ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ትሩማካ ላይ ቤት። መሬቱን የገዛችው በ1971 ነው፤ ባሕሩን ቁልቁል የሚያይ ጥግ። ግንባታውን ለታናሽ ወንድሟ ለኤልፎርድ አደራ ሰጠች። ኤልፎርድ አደራ ተቀባይ ሰው ነበር፤ የላኩለትን ሁሉ ይቀበላል። በየገናው አንድ በርሜል ሙሉ ዕቃ፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮ ሥጋ፣ ልብስ፣ ጫማ ትልክለታለች፤ እሱም «ጫማው ጠበበኝ» ብሎ አመስግኖ ይጽፋል። ስለ ቤቱም ይጽፋል። ሲሚንቶ ጠፋ። ዝናብ ገባ። የግንበኛው ሚስት ወለደች። የግንበኛው ሚስት ደግማ ወለደች። በዓመት አንድ ጊዜ ፎቶ ያስከትላል፤ መጀመሪያ መሠረት፣ ቀጥሎ ብሎኬት፣ ከዚያ ቀይ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በመጨረሻም ሮዝ ቀለም የተቀባ ፊት፣ ሁለት ነጭ ምሶሶ የቆመበት በረንዳ፣ በረንዳው ላይ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠ ኤልፎርድ። ኢስሜይ ፎቶዎቹን ማቀዝቀዣው በር ላይ ትለጥፋቸዋለች። በየዓመቱ ኤልፎርድ ትንሽ ይወፍራል፤ ሌላው ያው ነው።

በጡረታዋ በዓመቱ፣ በ1998 ጥር፣ ጓዟን ሸክፋ ልትገባ ተነሣች። ለዘለቄታው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሸኛት፣ ሰው አለቀሰ፤ አሁን እሑድ እሑድ ማን ያበስላል ብሎ ያለቀሰም አለ። ሜርል የሦስት ሳምንት ፈቃድ ወስዳ ልታደርሳት ሄደች። ከመሄዳቸው በፊት የሃይ ዊኮምቡን ቤት እንዳትሸጠው እናቷን ለመነቻት፤ ወደፊት ይጠቅመናል አለች። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ገብታ፣ በሩን ቆልፋ፣ አልጋው ላይ በሰያፍ ለመተኛት ነበር ያሰበችው።

ሚኒባሱ ከኪንግስታውን ሁለት ሰዓት ያህል እየተጠማዘዘ ወጥቶ ትሩማካ አወረዳቸው። ቤቱ ቆሟል። ሮዝ ነው፣ ምሶሶዎቹም ነጭ ናቸው። ኤልፎርድ ከበረንዳው ወርዶ እህቱን አቅፎ ሳማት።

«እህት ዓለም፣ አምሮብሻል። ታዲያ ለስንት ቀን ነው? ለሁለት ሳምንት?»

«ልኖር ነው የመጣሁት ኤልፎርድ። ጽፌልህ የለ።»

«አዎን፣ ጽፈሻል» አለ ኤልፎርድ፤ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀርቶ ዓይኖቹ ግን ወደ ቤቱ ውስጥ ሄዱ። «እንዲያው ለማለት ያህል ነው እንጂ።»

ገቡ። የፊት ለፊቶቹን ሁለት ክፍሎች ሁለት የትምህርት ቤት አስተማሪዎች ተከራይተዋቸዋል። ኤልፎርድ ሲያስረዳ፣ ሰው የማይኖርበት ቤት ይቀዘቅዛል አለ። ጥር ቢሆንም ሜርል ከአንገቷ እስከ ወገቧ ላብ እየወረደ ነበር የሰማችው። ሦስተኛው ክፍል የኤልፎርድ ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ልጁ ኬንሪክ ቱሪስት በሚያንሸራሽር መርከብ ላይ ይሠራል፣ በዓመት አንዴ እየመጣ አንድ ልጅ ጨምሮ ይመለሳል። ልጆቹ ሦስት ደርሰዋል። እነሱና እናታቸው ግሌንዳ የሚኖሩት በስተኋላ ነው ተባለ። ሜርል ወደ ኋላ አለፈች። የቤቱ ጀርባ ላይ፣ ግድግዳ መኖር በነበረበት ቦታ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል ሰማያዊ ሸራ ተወጥሯል። ነፋስ ሲመጣ ሆዱን ነፍቶ ይገባና ይወጣል። ከሸራው ወዲያ፣ በአራት እንጨት ላይ በተጋደመ ቆርቆሮ ሥር፣ ሦስት ድንጋይና አንድ ድስት አለ፤ አጠገቡ አንዲት ቀጭን ወጣት ሴት አጎንብሳ እሳት ትቆሰቁሳለች።

«አጎቴ፣ የኋላው ግድግዳ የት ሄደ?» አለች ሜርል።

«ገና አልመጣም።»

«ሃያ ሰባት ዓመት?»

«የኔ ልጅ፣ እንግሊዝ አገር ነገር ሁሉ ቸኩሎ ነው የሚሠራው። ለዚያ ነው ቤታችሁ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነው።» ኤልፎርድ ወደ እህቱ ዞረ። «ከፊት ግን እንዴት ነው? ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ ያየዋል።»

ሜርል እናቷን አየቻት። ኢስሜይ ሸራውን በጣቶቿ ይዛ፣ ጨርቁን ወንበር ላይ ልትወጥረው እንደምትመዝን ሁሉ ሳብ፣ ለቀቅ አደረገችው። ከዚያ ወደ ግሌንዳ ሄዳ ስሟን ጠየቀቻት፤ ድስቱ ውስጥ ምን እንዳለም። ሜርል ጩኸት ነበር የጠበቀችው።

በሚቀጥሉት ቀናት ኢስሜይ በሕይወቷ አይታው የማታውቀው ነገር ደረሰባት፤ ተስተናገደች። ኤልፎርድ የራሱን ክፍል ለቀቀላት። በረንዳው ላይ የላስቲክ ሽፋኑ ያልተነሣለት ሶፋ ወጣላት። ውኃዋ ይፈላል፣ ይቀዘቅዛል፣ በክዳን ይመጣል። ሳህኗ ላይ ሌላ ሳህን ይደፋበታል። የመንደሩ ሰው በየተራ እየመጣ «እንግሊዟ እንዴት ዋሉ?» ይላታል፤ አብረዋት ያደጉት ሴቶች ጭምር አንቱ አሏት። ተነሥታ ድስቱ ዘንድ ከሄደች ኤልፎርድ ከበረንዳው ይጣራል።

«ግሌንዳ፣ እንግዳ ናት፤ አታድክሚያት።»

ግሌንዳን ግን ማድከም ክልክል አልነበረም። የውኃ ቧንቧው ታች መንገዱ ዳር ነው፤ በቀን ስድስት፣ ሰባት ጊዜ ባልዲ ተሸክማ ዳገቱን ትወጣለች። የአስተማሪዎቹን ልብስ የምታጥበው እሷ ናት። የኤልፎርድን ሸሚዝ የምትተኩሰው፣ ዶሮዎቹን የምትመግበው፣ ሸራው ሲቀደድ በመርፌ የምትጠቅመውም እሷ ናት። በሦስተኛው ቀን ኢስሜይ ካጠገቧ ተቀምጣ ቢላውን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች።

«ታንቲ፣ እባክዎ ተዉ። ዳዲ ኤልፎርድ ይቆጡኛል» አለች ግሌንዳ፤ «ታንቲ» በአገሩ አፍ አክስት ማለት ነው።

«ይህን ሸራ የሰፋሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ታንቲ። ሸራው ሦስተኛ ነው። የፊተኞቹን አውሎ ነፋስ ወሰዳቸው።»

«ስፌትሽ ቀጥ ያለ ነው» አለች ኢስሜይ። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምርቃት መሆኑን ሜርል ታውቃለች፤ እሷ ራሷ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያገኘችው፣ ያውም ለመጋረጃ።

«አውሎ ነፋስ ሲመጣ ልጆቹን የት ታደርጊያቸዋለሽ?»

«ከአልጋው ሥር። ዳዲ ክፍላቸው ይገባሉ፤ የእሳቸው ግድግዳ ጠንካራ ነው።»

በስምንተኛው ቀን፣ ቁርስ ላይ፣ ኢስሜይ የተደፋውን ሳህን አንሥታ ወደ ጎን አደረገችና ነገ ኪንግስታውን ጠበቃ ዘንድ እንሄዳለን አለች።

«የቤቱን ነገር ልንጨርስ ነው ኤልፎርድ። እኔ እዚህ መኖሬ እንደማይሆን አይቻለሁ። ግሌንዳም ትምጣ፣ ቅርጫት የሚይዝልኝ እፈልጋለሁ።»

ሜርል ሻይዋን አስቀመጠች። በመጨረሻ፣ አለች በሆዷ፤ ይህች ሴት በስልሳ ሦስት ዓመቷ ልትቆጣ ነው። ሊሸጥ ነው ማለት ነው፤ አስተማሪዎቹም፣ ሸራውም፣ ምሶሶዎቹም። ኤልፎርድ ደግሞ በበኩሉ ሌላ ነገር ነው የሰማው። እህቱ መኖር አልችልም ካለች፣ እሷ ደግሞ ወንድም ካላት፣ ቀሪው ግልጽ ነው። በማግስቱ ለሚስቱ ቀብር ያሰፋውን ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ፣ አንዱ ቢነጥፍ ማለት ነው፣ ሽክ ብሎ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ። መንገዱን ሁሉ ለሹፌሩ ስለ ወንድማማች ፍቅር ሲያስረዳው ሄደ። ግሌንዳ ከኋላ ወንበር ላይ ባዶ ቅርጫት ታቅፋ ተቀምጣለች።

ጠበቃዋ መነጽር ያደረገች ቁጡ ቢጤ ሴት ነበረች። ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው፤ ለካ ኢስሜይ ከፖስታ ቤቱ ሁለት ጊዜ ደውላላታለች። ጠበቃዋ ሳትስቅ ሳትቆጣ አነበበችው። ኢስሜይ ኩፒድ፣ በሙሉ ፈቃዷ፣ ትሩማካ የሚገኘውን መሬትና በላዩ የቆመውን ቤት ለግሌንዳ ቢቢ በስጦታ አስተላልፋለች።

ቅርጫቱ ወለሉ ላይ ወደቀ። ኤልፎርድ ገና አልገባውም፤ እስክሪብቶውን ክዳኑን ነቅሎ እንደያዘ ነው።

«ስሙ ላይ ስህተት አለ» አለ ለጠበቃዋ፣ በደግነት።

«የለም» አለች ኢስሜይ። «ፊደል በፊደል ነው ያስጻፍኩት። የሰው ስም ሲሳሳት አልወድም።»

«እኔስ?»

«አንተ ምን?»

«ሃያ ሰባት ዓመት ቤትሽን የጠበቅኩልሽ ሰው ነኝ።»

«ጠብቀኸዋል፣ አልካድኩህም። ግድግዳ እንዳይገባበት ጠብቀኸዋል።»

ጠበቃዋ መነጽሯን አውልቃ ማጽዳት ጀመረች፤ የሚጸዳ ነገር ስለነበረው አልነበረም። ኤልፎርድ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። ግሌንዳ እጆቿን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች፣ አንዴ አማቷን አንዴ ኢስሜይን እያየች፣ «ታንቲ፣ እኔ ምንም አልጠየቅኩም» አለች።

«እሱን አይቻለሁ» አለች ኢስሜይ። «ነይ ፈርሚ።»

ፈረመች። የፈረመችው በኤልፎርድ እስክሪብቶ ነው፤ ቅርብ የተገኘው እሱ ነበር።

ውጭ መንገዱ ላይ ሜርል እናቷን ክንዷን ይዛ ዓሣ ገበያው ጥላ ሥር ወሰደቻት። የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ወንበር አልብሰሽ፣ አለቻት፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትቀመጪበት፣ ያለሽን አንድ ነገር ስምንት ቀን ላወቅሻት ሴት። ሽጠሽ በገንዘቡ ብትኖሪ ምን ነበረበት። ለራስሽ አንድ ነገር ማስቀረት ማን ከለከለሽ።

«ቤት እኮ አለኝ» አለች ኢስሜይ። «ሃይ ዊኮምብ። አራት ግድግዳ አለው፤ ቆጥሬዋለሁ።»

«ሁልጊዜ የምትሰጪው ነገር አለሽ። የሰው ቢሆንም ትሰጫለሽ። አልጋዬን ስትሰጪ አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አንዲት ዓሣ ሻጭ ቢላዋን አቁማ ማዳመጥ ጀመረች። ኢስሜይ ወደ ባሕሩ ዞረች፤ ሜርል እናቷ ስታረጅ ያየችው ያን ጊዜ ነው፣ ከጎን፣ አገጯ ሥር።

«እሱ ስህተት ነበር» አለች በመጨረሻ። «አስቤበታለሁ። ትክክል አልሠራሁም።»

ሜርል ይህን ቃል ሠላሳ ዓመት ስትጠብቀው ኖራለች።

«የወንድሞችሽንም አልጋ መስጠት ነበረብኝ» ስትል ጨረሰች ኢስሜይ። «ሦስት ሰው ይይዝ ነበር።»

ሜርል ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ዓሣ ሻጯም ሳቀች፣ ነገሩ ባይገባትም። ኢስሜይ ለምን እንደሚስቁ ግራ ገብቷት አንድ እስር ቀይ ዓሣ ገዛች።

ግሌንዳ ባለቤት መሆኗን ለመልመድ ሁለት ቀን ፈጀባት። በመጀመሪያው ቀን እንደ ወትሮው ባልዲ ተሸክማ ወጣች። በሁለተኛው ቀን ባልዲውን መሀል መንገድ ላይ አስቀምጣ ወደ ሮዙ ቤት ስታይ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባዶውን ባልዲ ይዛ በረንዳው ላይ ወጣችና ኤልፎርድ እግር ሥር አኖረችው።

«ዳዲ፣ የመታጠቢያዎን ውኃ።»

«ምን ሆነ?»

«ቧንቧው ታች ነው።»

አስተማሪዎቹ ልብሳቸውን ራሳቸው ማጠብ እንደሚችሉ ተነገራቸው። አንደኛው ክፍል ለልጆቹ እንዲለቀቅ ተደረገ፤ ሁለቱ አስተማሪዎች በአንድ ክፍል ተዳበሉ፣ ቅዝቃዜውንም አልፈሩትም። ከዚያ ግሌንዳ ወደ ኢስሜይ መጣች። ኢስሜይ የላስቲክ ሽፋን ባለው ሶፋ ላይ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እንደ ታማሚ ተቀምጣ ነበር። ግሌንዳ አንድ ትልቅ ሳፋ ሙሉ ጥሬ ሙዝ፣ አንድ ቢላና አንድ ጠርሙስ ዘይት ፊቷ አስቀመጠች።

«ታንቲ፣ ከተቀመጡ አይቀር ይህን ይላጡልኝ። እጅዎን ዘይት ይቀቡ፣ ሙጫው አይለቅም።»

ሜርል ከበሩ አጠገብ ቆማ አየች። እናቷ ሰዓት ሲሸልሟት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሸኛት፣ ኤልፎርድ ክፍሉን ሲለቅላት ያልታየ ነገር ፊቷ ላይ ታየ። እጇን እስከ ክርኗ ዘይት ተቀባች። ሳፋውን ወደ ራሷ ሳበች። የመጀመሪያውን ሙዝ ጫፍና ጫፉን ቆርጣ፣ ልጣጩን በአንድ ስንጥቅ ከፍታ፣ «ይህ ቢላ አይቆርጥም» ስትል አማረረች፤ በትሩማካ ለመጀመሪያ ጊዜ አገሯ የገባች መሰለች።

«እዚያ ቆመው ከሚያዩ» አለቻት ግሌንዳ ለሜርል፣ «ሳህኖቹ ሌላው ሳፋ ውስጥ አሉ።»

ሜርል የዓመት ፈቃዷን የመጨረሻ አሥር ቀን ሳህን በማጠብ አሳለፈች።

ብቻዋን ነው የተመለሰችው። ኢስሜይ ግድግዳው እስኪቆም ልቆይ ብላ ቀረች፤ ግንበኛውን ራሷ መረጠችው፣ ያላገባ። በፋሲካ ሃይ ዊኮምብ ገባችና በዚያው እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት ቆማ በእሷ ምትክ ያበስል የነበረውን ኮሚቴ አስለቀሰችው። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች። የእንግሊዝን ክረምት ትሩማካ ትከርማለች፤ ከኋለኛው ክፍል ትተኛለች፣ ግሌንዳ የምታዛትን ትሠራለች፣ ወጡ ላይ ጨው ይነሰዋል አይነሰውም በሚል በየቀኑ ይጣላሉ። የሞተችው ሃይ ዊኮምብ ነው፤ በጠና የታመመችው አራት ቀን ብቻ ነበር፣ እሱንም ማን ይበላል ማን አልበላም እያለች ነው የጨረሰችው። ለቀብሯ ያበሰለችው ሜርል ናት። ግሌንዳ ከትሩማካ መጥታ አብራት ሽንኩርት ከተፈች።

ኤልፎርድ ግን አሁንም አለ። ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ እህቱ እንዴት በስተርጅና ሜዳ ላይ እንደጣለችው ይናገራል፤ የገዛ ደሟን ትታ ለባዕድ፣ አንድ ጣሪያ እንኳ ሳታስቀርለት። ይህን የሚናገረው በሮዙ ቤት በረንዳ ላይ፣ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ፣ ግሌንዳ ያፈላችለትን ሻይ እየጠጣ ነው።